የላይኛው ምንጭ ሰማይ

ጩኸቱ ከአትክልቱ በኩል ሲሰማ ኦድሪ ፔንፎልድ «ማን ሞተ?» አላለችም። «ልጄ የት ነው ያለው?» ነበር ያለችው፤ እሱንም በልቧ። ገና ከወንበሯ ሳትነሳ ሁለት የመንደር ሴቶች የሻይ ቤቱን በር በርግደው ገቡና አንደኛዋ «ሰው ሞቷል! የላይኛው ምንጭ ጋ ሰው ሞቷል!» ብላ ጮኸች።

«ምን ዓይነት ሰው?» አለች ኦድሪ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ሽማግሌ ነው። ነጭ ባርኔጣ ያደረገ። ከእናንተው አውቶቡስ የወረደ ነው።»

ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው፤ ኦስዊን ክሌግ፣ የአትክልተኞች ማኅበራቸው ሊቀመንበር። ኦድሪን የባሰ ፍርሃት ያዛት። ለምን ቢባል፣ ቀደም ሲል ልጇን ኪትን በክንዱ ይዛ «የላይኛው ምንጭ ጋ ብቻውን ተቀምጦ ፒፓውን ያጨሳል፤ ሂድና ይቅርታ ጠይቀው» ብላ የላከችው ራሷ ነበረች።

ይቅርታ የሚያስጠይቀው ነገር የተፈጠረው ጠዋት ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ አንድ ቀን መርጦ የታወቀ የአትክልት ስፍራ ሊያይ ይወጣል። ዘንድሮ የተመረጠው ደርቢሺር ውስጥ ያለው ጥንታዊው የቶርንሎው ግቢና ከሥሩ ያለው መንደር ነው፤ ያውም በምንጭ በዓል ቀን። በዚያ ቀን የመንደሩ ሰው ምንጮቹን ያስጌጣል። ትልቅ ጣውላ ላይ እርጥብ የሸክላ ጭቃ ለስኖ፣ በጭቃው ላይ የአበባ ቅጠል እየለጠፈ ሥዕል ይሠራል፤ ከዚያ ጣውላውን ከምንጩ ራስ ላይ ያቆመዋል። ቄሱም በማርሽ ባንድ ታጅቦ እየዞረ ይባርክለታል።

አውቶቡሱን የሚነዳው ኪት ነበር። ኪት መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው ደብድቦ ታስሮ በአመክሮ የተፈታ ነው። እንደገና እጁን በሰው ላይ ካነሳ የቀረውን ሊጨርስ ይመለሳል። ይህን የሹፌርነት ሥራ በስንት ልመና ያገኘችለት ኦድሪ ናት፤ ማኅበሩም ሁሉ ያውቃል።

ክሌግ ደግሞ ማይክ ካየ አያስችለውም። ገና ከሌስተር ሳይወጡ ነጥቆ ያዘው።

«ይሄን ግቢ እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው!» አለ። «ወጣት ሳለሁ አንድ ክረምት አትክልተኛ ሆኜ ሠርቼበታለሁ። አንዲት የመንደር ልጅ አብዳልኝ ነበር እባካችሁ! ‹ከተውከኝ ውኃ ውስጥ እገባለሁ› አለችኝ። ‹ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ካፖርትሽን ልበሺ› አልኳት።» በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። «ገባች ይባላል። እኔ እንኳ አገሩን ለቅቄ ወጥቻለሁ።»

ሁለት ሦስቱ ለይሉኝታ ፈገግ አሉ፤ ሌላው አንገቱን ደፋ። ከኦድሪ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ሄስተር ብራምሊ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ቀረች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ኪት ሲፈታ ኬክ ጋግራ የመጣች ብቸኛዋ የሰፈር ሰው እሷ ነበረች። ትውልዷ ከደቡብ ጠረፍ ነው ትላለች። ማኅበሩ ውስጥ አበባ አሰካክ የምታስተምረው እሷ ናት፤ እንደ እሷ እጀ ብልህ የለም።

«ወደዚህ አገር መጥተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ኦድሪ ወሬ ለማስቀየስ ጠይቃት ነበር።

«በዓይኔም አይቼው አላውቅ» አለች ሄስተር።

ክሌግ በዚህ አልበቃውም። ሲወርዱ «ቦርሳችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሹፌራችንን ታውቁታላችሁ!» አለ። ይሄኔ ኪት ደሙ ፈላ። ሰው ሁሉ እያየ የሽማግሌውን ኮሌታ አንቆ ያዘው። ኦድሪ መሐል ገብታ እስክታላቅቃቸው ድረስ ክሌግ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነበር።

አሁን ክሌግ ሞቷል። ኦድሪ ከሻይ ቤቱ ወጥታ ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንዲህ ትሮጣለች ብሎ ማን ያምናል። ኪት ከአውቶቡሱ በስተጀርባ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ የሸሚዙ እጅጌ፣ ሁለቱም፣ እስከ ትከሻው ርሷል።

«ኪትዬ! ምን አደረግህ?»

«ምንም አትጠይቂኝ፣ እማ።»

«ልጄ፣ በሞቴ ንገረኝ!»

«አትጠይቂኝ አልኩሽ እኮ!»

ከኋላዋ ኮቴ ሰማችና ስትዞር ሄስተር ናት፤ አመልካች ጣቷን አሁንም እየላሰች። ጩኸቱ ከመሰማቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሄስተር በሻይ ቤቱ የጓሮ በር ስትገባ ያንኑ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ነበር። «ጠዋት ጽጌረዳው የወጋኝ ነው፤ አቃጠለኝ» ብላ ቀዝቃዛ ውኃ አስመጥታ ስትነክረው ኦድሪ አይታታለች።

ሄስተር የኪትን እጅጌ አየች፤ ከዚያ ኦድሪን አየች። «ስሙኝ» አለች ቀስ ብላ። «ከእኛ ጋር ነበር እንላለን። ሦስታችንም ሻይ ቤት ነበርን፤ ባንዱ ወደ ታች ከወረደ ጀምሮ አንድ ላይ ነበርን። ኪት፣ ሂድና ሸሚዝህን ቀይር።»

ኦድሪ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ውለታሽን በምን እከፍላለሁ?» አለቻት።

ኢንስፔክተር ቴሳ ሮውቦተም የመጣችው ዝናብ ሊጥል ሲያንዣብብ ነው። አጠር፣ ወፈር ያለች፣ የጎማ ቦቲ ያደረገች፣ አፏ ውስጥ የናና ከረሜላ የማይጠፋ ሴት ናት። ያደገችው ከተራራው ማዶ ነው። ላያት ሰው ጎመን ልትገዛ የወጣች እንጂ ነፍሰ ገዳይ የምትፈልግ አትመስልም። አብሯት ፊንች የሚባል መለሎ ፖሊስ አለ። ፊንች የጠዋቱን ጠብ ገና ከመስማቱ የእጅ ብረቱን መነካካት ጀመረ።

ከማኅበሩ ሰዎች አብዛኞቹ፣ የላይኛው ምንጭ ከተባረከ በኋላ፣ ከባንዱ ኋላ ተሰልፈው ወደ ታችኛው ምንጭ ወርደው ነበር፤ እርስ በርሳቸው ተያይተዋል። ያልነበሩት ኦድሪ፣ ሄስተር፣ ኪት እና ምክትል ሊቀመንበሩ ናይጄል ስትራውድ ናቸው። ከግቢው ሰው ደግሞ ዴይል የሚባለው ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ የጠራችው ኦድሪን ነው፤ ያውም እዚያው ምንጩ ጋ። የላይኛው ምንጭ ከግቢው ግንብ ጥግ ላይ ወደ ድንጋይ ገንዳ ይወርዳል። ዙሪያው ሰው የሚያህል ቁመት ያላቸው ደማቅ ሰማያዊ አበቦች ቆመዋል። ገንዳው አጠገብ ሣሩ ላይ፣ በአንሶላ የተሸፈነው ክሌግ ተጋድሟል። ኦድሪ ላለማየት ዓይኗን ከጣውላው ሥዕል ላይ ተከለች። ሥዕሉ እንስራ የተሸከመች ልጅ ናት፤ ከበላይዋ ሰፊ ሰማይ አለ።

«ልጅዎ ከእርስዎ ጋር ነበር አሉ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አዎ። ሻይ ቤት። እኔ፣ እሱና ሄስተር።»

«ኪት ሻዩን ምን ያህል ስኳር አድርጎ ነው የሚጠጣው?»

«ኧረ እሱ! ሲኒው እስኪሞላ ነው የሚጨምረው።»

«ይገርማል። ጠረጴዛችሁን አይቼው ነው የመጣሁት። ስኳሩ አልተነካም፤ ሲኒውም ሁለት ነው።»

ኦድሪ ዓይኗን ወደ ሥዕሉ መለሰች።

«ወይዘሮ ፔንፎልድ» አለች ኢንስፔክተሯ ከረሜላዋን በጉንጯ እያዞረች፣ «እናት ስትዋሽ አሳምሬ ነው የማውቀው። የእኔ እናት ስለ ወንድሜ ስትዋሽ ነው ያደግሁት። አሁን መልስ አይስጡኝ። ግን ያስቡበት።»

ኦድሪ እያሰበች አልነበረም። ኪት ዕቃውን በፌስታል ይዞ ከእስር ቤቱ በር ሲወጣ ነበር የሚታያት፤ ወደዚያው በር ሲመለስም።

ኢንስፔክተሯ አንሶላውን ገልጣ ከፊንች ጋር ሬሳውን በጎኑ አዞረችው። ኦድሪ ሳትፈልግ አየች። እርጥቡ ኮት ጀርባ ላይ ጥቃቅን ሰማያዊ ቅጠሎች ተጣብቀዋል። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ተመለከተቻቸው። ከዚያ ወደ ጣውላው ሄዳ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋች፤ መዳፏንም ሰማዩ አንድ ጥግ ላይ አሳለፈች። ከላይ ወደ ታች ስታሳልፈው አንድም ቅጠል አልተነሳም። ከታች ወደ ላይ ስታሳልፈው ግን ጫፍ ጫፋቸው ተነሣ።

«ወይዘሮ ሄዝኮት!» ብላ ተጣራች።

ከግንቡ ማዶ ያስታውኩ ከነበሩት ሴቶች መሐል አንዲት አሮጊት መጣች፤ ሬሳውን መጀመሪያ ካዩት አንዷ ናት። ሥዕሉን ስታይ ግን ሬሳውን ረሳችው።

«ማነው ሰማያችንን የነካው?» አለች በቁጣ። «ይሄ ሰማያዊ የእኛ አይደለም! የእኛ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ከስንት ሰው ደጃፍ ለቅመን ያመጣነው። ይሄ ጥግ ከዚሁ ከአጥሩ ሥር በተቀጠፈ አበባ ነው የተሠራው። ማነው እሱ ባለጌ?»

«ጠዋት እንዲህ አልነበረም?»

«ቄሱ እንዲህ ሆኖ ሊባርከው? ኧረ ተይኝ!»

ኢንስፔክተሯ ከረሜላዋን ቆረጠመችው። ኦድሪ አንድም ነገር አልገባትም። የገባት ነገር ቢኖር ፊንች ወደ አውቶቡሱ እያየ መሆኑ ነው።

ሻይ ቤት ውስጥ የተደረገው የናይጄል ስትራውድ ምርመራ በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። ናይጄል የክሌግን ወንበር ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም ይናገረዋል። «የት ነበሩ?» ሲባል «ስ-ስንሸራሸር» አለ። የኮቱ ኪሶች አብጠዋል፤ ከአንዱም ውኃ ይንጠባጠባል።

«ኪስዎን ይገልብጡልኝ።»

«ይሄ የግል ጉዳይ ነው!»

«ሰው ሞቷል፣ አቶ ስትራውድ።»

ናይጄል ፊቱ ቲማቲም መስሎ ገለበጠ። በእርጥብ ናፕኪን የተጠቀለለ፣ በጥንቃቄ የተቆረጠ የተክል ቅንጣቢ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ምክትል ሊቀመንበሩ ከቶርንሎው ግቢ ችግኝ ሲሰርቅ ነበር።

«አይቼዋለሁ!» ብሎ ዴይል፣ አትክልተኛው፣ ከበሩ ጮኸ። «ባንዱ ከሄደ ጊዜ ጀምሮ ከአትክልት ማሞቂያው መስታወት ቤት ሆኜ ስከተለው ነበር! ስንቱን እንደሚቆርጥ ልይ ብዬ ነው እንጂ…»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንዱ ሲሰርቅ አንዱ ሲሰልል ነበር። ዴይል፣ አንተ ሥዕሉ ላይ አበባ ትለጥፋለህ?»

«አንድ ጊዜ ሞክሬ የመንደሩ ሴቶች በመጥረጊያ አባረሩኝ።»

ኦድሪ ይህን ሁሉ ከደጅ አግዳሚ ላይ ሆና ሰማች። ሁለት ሰው ነፃ ወጣ ማለት ለኪት ሁለት መሸሸጊያ ጎደለ ማለት ነው። ሄስተር አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች። የሄስተር እጅ በረዶ ነበር።

ፊንች ኪትን በክንዱ እየገፋ አመጣው። «ኢንስፔክተር፣ ከአውቶቡሱ ወንበር ሥር እርጥብ ሸሚዝ አግኝቻለሁ!»

ኦድሪ ተነሥታ መሐላቸው ገባች። «እኔ ነኝ የላክሁት! ይቅርታ እንዲጠይቅ እኔ ነኝ የላክሁት! አሳድጌ የማውቀው ልጅ ነው፤ ሆን ብሎ አይደለም፣ አስቆጥቶት ነው እንጂ…»

ኪት ዞሮ አያት። ያ አስተያየቱ ከዚያ በኋላ ሁሉ ከዓይኗ አልጠፋም። «እማ» አለ፣ «እኔ ነኝ ብለሽ አመንሽ እንዴ?»

ኦድሪ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«ተናገር፣ ልጄ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ምን አደረግህ?»

«ስደርስ ገንዳው ውስጥ በአፍጢሙ ነበር። ጀርባው ላይ ሰማያዊ ቅጠል ተበትኗል። ጎትቼ አወጣሁት። ደረቱን ተጫንኩት፣ አፉ ውስጥ ተነፈስኩለት፤ አልተንቀሳቀሰም። ባንዱ ሲመለስ ሰማሁ። ጠዋት አንቄው ሁሉም አይቷል። ማን ያምነኛል? ሮጥኩ።»

«ውሸቱን ነው» አለ ፊንች፤ የእጅ ብረቱንም አወጣ።

«ቆይ» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጀመሪያ ሁላችሁንም መስታወት ቤት እፈልጋችኋለሁ። ወይዘሮ ሄዝኮት፣ የተረፈ ጭቃ ካለሽ በሳህን አምጪልኝ።» ይህን ብላ ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወረደች።

መስታወት ቤቱ ይሞቃል። ከብርቱካን ዛፎቹ መሐል ረጅም ጠረጴዛ ቆሟል። እያንዳንዱ ሰው ፊት አንድ ሳህን ጭቃና አንድ እፍኝ የአበባ ቅጠል ተቀመጠ። ዝናቡ የመስታወቱን ጣሪያ መደብደብ ጀምሯል። ኢንስፔክተሯ ከላይዋ ላይ ውኃ እያራገፈች ገባች።

«ሰማይ ሥሩልኝ» አለች።

«ይቀልዱብናል?» አለ ናይጄል።

«አልቀልድም። እንደ ሥዕሉ እየለጠፋችሁ ጭቃውን ሸፍኑልኝ።»

ኦድሪ ከላይ ጀመረች። ናይጄል ምላሱን አውጥቶ እንደ ተማሪ ከመሐል ተነሣና ክብ ሠራ። ኪት በእነዚያ ትላልቅ ጣቶቹ አንዷን ቅጠል ቀደዳት፤ እንደገና ሞከረ። ሄስተር እንዳገኘች በተነቻቸው። አንዱ ተጣሟል፣ አንዱ ተገልብጧል፣ አንዱም ወደቀ።

ኢንስፔክተሯ በጠረጴዛው ዙሪያ ቀስ ብላ ዞረች። ቆመችም።

«አሁን ልንገራችሁ» አለች። «አቶ ክሌግ ግንባሩን የገንዳው ጠርዝ መትቶታል። ግን ከአፉ የወጣው አረፋ የሰጠመ ሰው አረፋ ነው። ውኃው ውስጥ ሲገባ በሕይወት ነበር። የገፋው ሰው አለ፤ ሲወድቅ ጣውላውን ለመያዝ ሞክሮ ከሰማዩ አንድ ጥግ ቦጭቋል። ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ አለ።

«ሌላ አገር ቢሆን ገዳዩ ይሮጥ ነበር። እዚህ ግን ገዳዩ ቆሞ የተላጠውን ሰማይ ጠገነ። ጥገናውም እንዴት ያለ ነው! የዚህ አካባቢ ሰው ቅጠል የሚለጥፈው ከታች ጀምሮ ነው፤ እያንዳንዱ ከበታቹ ያለው ላይ ይደረባል፣ እንደ ቤት ክዳን። ዝናቡ እንዲንሸራተትለት ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ጉልበቴ እስኪላጥ ሠርቼዋለሁ። ጥገናው እንደዚያ ነው። አሁን ዝናቡ እየወረደበት አንድ ቅጠል አልተነቀለም።»

«የመንደሩ ሰው ነዋ!» አለ ፊንች።

«የመንደሩ ለጣፊዎች በሙሉ ከቄሱ ኋላ ተሰልፈው ይዘምሩ ነበር። ስለዚህ ከአውቶቡሱ የወረደ፣ ግን እጁ እዚህ ያደገ ሰው ነው የምፈልገው።» ወደ ሳህኖቹ ጠቆመች። «ሁሉም ሰው አሳምሮ ለመሥራት ታገለ፤ የሚደብቀው ነገር ስለሌለው። ኪት እንኳ አማረበት። ከሁሉ የከፋው ግን ማኅበሩን አበባ አሰካክ የምታስተምረዋ ሴት ሥራ ነው። እንዲህ አበላሽተው ለመሥራት ብዙ ሳይደክሙ አልቀሩም፣ ወይዘሮ ብራምሊ።»

ኦድሪ ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራትም። ሄስተር? ሄስተር ዝንብ አትገድል! «እሷ ከእኔ ጋር…» አለችና ቆመች።

«ከእርስዎ ጋር ነበረች? ወይስ ‹አንድ ላይ ነበርን እንበል› ያለችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት» አለች ኦድሪ።

«ያ ውሸት ለልጅዎ አንድም አልፈየደለትም፤ እጅጌው ርሶ ይታያል። የረዳው እሷን ነው። እርስዎ ልጄን አተረፈችልኝ ብለው አመኑ፣ እሷ ግን ለራሷ ምስክር አገኘች። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወይዘሮ ብራምሊ ሻይ ቤት ስትገባ ምን ታደርግ ነበር?»

«ጣቷን…» አለች ኦድሪ። «ጣቷን እየላሰች ነበር። ጽጌረዳ ወግቷት። አቃጠለኝ አለች።»

«ጠዋት የወጋ እሾህ እስከ ቀትር አያቃጥልም። ጭቃው እንዳይደርቅ ግን ጨው እናስገባበታለን። በቆሰለ ጣት ጨው የገባበት ጭቃ የነካ ሰው ሥራዬ ብሎ ጣቱን ይልሳል።» ኢንስፔክተሯ ከኮቷ ውስጥ የረጠበ፣ ረጅም ሰማያዊ አበባ አወጣች፤ የታችኛው ግማሽ ቅጠሉ ተመልምሏል። «አቶ ክሌግ አውቶቡሱ ላይ የቀለደባትን ልጅ ነገር ሰምቼ ሄድኩና ይሄንን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ መቃብር ላይ አገኘሁት፤ ከጥገናው የተረፈ ነው። የመቃብሩ ድንጋይ ሎቲ ኦልሶፕ ይላል። በወጣትነቷ ከዚሁ ምንጭ ውኃ ስትቀዳ አንሸራቷት ሞተች ነው የተባለው። ወይዘሮ ሄዝኮት፣ ታስታውሻታለሽ?»

አሮጊቷ ግን ኢንስፔክተሯን አላየችም፤ ሄስተርን ነበር ትክ ብላ የምታየው። «እናትየዋ ከሁላችንም የበለጠች ለጣፊ ነበረች» አለች። «ሎቲ ስትሞት ሐዘኑን አልቻለችም፤ ትንሿን ልጇን ይዛ ወደ ደቡብ ሄደች። ሄቲ ነበር የምንላት። ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ቅጠል ታቀብለን ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሄቲ… አንቺ ነሽ?»

ሄስተር ፊቷ ያለውን ሳህን አየችው። ያጣመመቻቸውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ማቃናት ጀመረች፤ ከታች፣ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበች።

«አንሸራቷት መስሎኝ ነበር የኖርኩት» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ። ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ነው የሰማሁት፤ ሰው እየሳቀ። ሄጄ ጠየቅሁት። ስሟ ማን ነበር አልኩት። ‹ሎቲ ነው ሎሊ?› አለኝ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ሰማዩ ተላጠ። እናቴ ሰማዩ ተልጦ ቄስ ከሚያየው ብትሞት ትመርጥ ነበር። ሠራሁት።»

«እሱስ?»

«ዞሬ አላየሁትም።»

«እርስዎ አላዩትም» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከረረ። «ግን ከእጅዎ የወደቁት ቅጠሎች ጀርባው ላይ ነበሩ። እየሠሩ ሳለ እሱ ከሥርዎ ውኃው ውስጥ ነበር። ሰማዩን ለመጠገን የበቃው ጊዜ ሰውየውን ለማውጣት ይተርፍ ነበር። ውኃው ውስጥ እጁን የከተተ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይሄ እጅ ብረት ያወጣችሁለት ልጅ።»

ፊንች ብረቱን ዝቅ አደረገ። ወደ ጣሪያውም ተመለከተ።

ኦድሪ ተነሣች። «ሄስተር፣ ኪትን ይዘውት ቢሄዱስ ኖሮ?»

«እናገር ነበር።»

«መቼ?»

ሄስተር የመጨረሻዋን ቅጠል አስተካክላ ለጠፈችና እጇን በመሐረብ ጠርጋ ቆመች። ፊንች ይዟት ስትወጣ ወይዘሮ ሄዝኮት ከበሩ ላይ ጉንጯን ሳመቻት። ኦድሪ ግን ባለችበት ቀረች። ያ እጇን ይዟት የነበረው በረዶ እጅ አሁንም መዳፏ ላይ ያለ መሰላት፤ በቀሚሷ ጠረገችው።

ለመመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ ማንም ማይኩን አልነካም። ናይጄል ከኋላ ወንበር ባዶ ኪሱን ታቅፎ ተቀምጧል። ሄስተር የነበረችበት ቦታ ላይ የሹራብ ልብሷ ቀርቷል፤ ማንም ሊያነሣው አልደፈረም። ኦድሪ እዚያ መቀመጥ አልቻለችም። ወደ ፊት ሄዳ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ተቀመጠች።

ኪት ሞተሩን አላስነሣም። መሪውን ይዞ በመስታወቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያያል።

«ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም» አለ።

አልሰማሁህም ማለት ትችል ነበር። ደንግጬ ነው ማለትም ትችል ነበር። ቀኑን ሙሉ ዋሽታ ነበር፤ አሁን ግን ውሸት አስጠላት።

«አምኜ ነበር» አለች። «እጅጌህን ሳይ አመንኩ። ስታወጣው የራሰብህ እንደሆነ አንዴም አልመጣልኝም። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፤ ሌላው መስኮት ዘጋ። ከዚያ ኪት እጁን ዘርግቶ የመስታወት መጥረጊያውን አስነሣ።

«ቀበቶሽን እሰሪ፣ እማ» አላት።